በባዶ ሆድ

«ተይው፣ እሷ ታቀርበዋለች» አለ ሶፋ ሰሪው።

ሴት ልጁ የሻይ ትሪ ይዛ ከጓዳ ብቅ ማለቷ ነበር። ሳሎኑን ዙሪያውን ሞልተው የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን ቆረጡ።

«ማን ናት የምታቀርበው፣ አባዬ?»

«እናትሽ ናታ! አንቺ ከመንገድ ነው የመጣሽው፣ አረፍ በይ እንጂ። ምን ቸገራት እሷ?» ብሎ ፈገግ አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

እናትየው ከተቀበረች ገና ሁለት ቀኗ ነበር።

ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንቀጫቀጭ ጀመሩ። የሟች ታላቅ እህት፣ ቤቱ ሁሉ እትዬ የሚላት፣ ሹክሹክታ የሚባል ነገር ፈጽሞ ያልለመደባት ሴት፣ ከተቀመጠችበት ተነስታ ትሪውን ከልጅቷ እጅ ተቀበለች።

«ሐዘን ነው» አለች ለሁሉም እንዲሰማ። «እንኳን እሱ፣ እኔ ራሴ ዛሬ ጠዋት ‹ቀብርሽ ላይ እነማን እንደመጡ ብታዪ› ብዬ ልደውልላት ስልኬን አንስቼ ነበር።»

ከዚያ አንዱን ብርጭቆ አንስታ ሶፋ ሰሪው እጅ ላይ አስቀመጠችው። ሻዩ ለብዙ ሰው ተብሎ በትልቅ ማንቆርቆሪያ የተፈላ፣ ስኳሩም እዚያው የተጨመረበት ነበር። ለእሱ ለብቻ ያለ ስኳር ማፍላት የምታስታውሰው አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷ ደግሞ የለችም። ሶፋ ሰሪው ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ቆየት ሲል፣ እስካሁን እርጥብ መስታወት ውስጥ እንደሚታዩ የተንሸዋረሩበት ፊቶች አንድ በአንድ ወደየባለቤታቸው ተመለሱ።

«አንተ መቼ መጣህ?» አለው አጠገቡ የተቀመጠውን ጎረቤቱን፣ ፀጉር አስተካካዩን።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ እኮ፣ ጋሽ ስፖንጅ።»

ሰፈሩ የሚጠራው ጋሽ ስፖንጅ እያለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሶፋ ሲያድስ፣ አሮጌ ስፖንጅ ሲያወጣ አዲስ ሲከት ስለኖረ ፀጉሩም ልብሱም ላይ ቢጫ ብናኝ አይጠፋም። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አዙሮ ከጎኑ ላለው ሰው «ጭንቅላቱን ነክቶታል» ሲል ሶፋ ሰሪው ሰማው። ስለ ማን እንደሚያወሩ ግን አልገባውም። ቅድም ምን እንዳለ ትዝ አይለውም፤ የነገረውም የለም።

ነገሩ የጀመረው ሚስቱ ከመሞቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ክኒን።

ሶፋ ሰሪው ስኳር እንዳለበት ካወቀ ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው፤ ያለ መርፌ፣ በክኒን የሚያዘው። ጠዋትና ማታ አንድ ትልቅ ነጭ ክኒን ይውጣል፣ ሚስቱ አፉን ትጠብቅለታለች፣ ኑሮ ይቀጥላል። ባለፈው ግን ክሊኒክ ሲሄዱ፣ ወጣቷ ሐኪም የደም ምርመራውን ውጤት አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«አባቴ፣ የድሮው መድኃኒት ብቻውን አልቻለም። ረዳት እንጨምርለታለን» አለችው።

ሚስቱ ሳቀች። «እሱ ጋ ረዳት አይበረክትም ዶክተር፤ በጭቅጭቅ ነው የሚያባርራቸው።»

ሐኪሟም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ቁም ነገር ገባች። «ይሄኛው ጠባዩ ሌላ ነው። ቆሽትን ይጎተጉታል። ሰውየው ቢበላም ባይበላም መጎትጎቱን አይተውም። ስለዚህ ያለ ቁርስ የለም። ካልበሉ እንዳይውጡት። ከዋጡ ደግሞ የግድ ይብሉ። ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታብዎ ስኳር ወርዷል ማለት ነው…»

ሶፋ ሰሪው ይህን አልሰማም። ሐኪሟ የተቀመጠችበትን ወንበር እያየ ነበር። የመቀመጫው ስፌት በአንድ በኩል ተተርትሮ ስፖንጁ እንደ ምላስ ወጥቷል። ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚፈጅ በልቡ ይለካል።

«ሰማህ?» አለች ሚስቱ።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አለች?»

«ረዳት አለች።»

ሚስቱ ወደ ሐኪሟ ዞረች። «ለእኔ ይንገሩኝ፣ ዶክተር።»

ኑሯቸው ሁሉ እንዲህ ነበር። እሷ ለሁለት ትሰማለች፣ እሱ እጁን ያሠራል። መስማት ሥራዋ ነበር። የከተማው ውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ ተቀባይ ሆና ነው ፀጉሯ የሸበተው። ቧንቧ የፈነዳበት፣ ውሃ የጠፋበት፣ ቆጣሪው ያበደበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳደበው እሷ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ስድቡ እስኪያልቅ በትዕግሥት ትጠብቅና ልክ እንደተመሰገነች ሁሉ «እሺ ጌታዬ፣ አሁን ደግሞ አድራሻዎን ይንገሩኝ» ትላለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ ግን ሁልጊዜ ለሳቅ የቀረበ ነው። ከተማው ድምፅዋን እንጂ ፊቷን አያውቅም ነበር።

አዲሱ ክኒን ከተጀመረ ወዲህ ሚስቱ አዲስ አመል አወጣች። ሥራ ገብታ ረፋድ ላይ ትደውላለች።

«በላህ?»

«ልጅ ነኝ እንዴ?»

«የጠየቅኩህን መልስ፣ አንተ ሰውዬ።»

«በልቻለሁ።»

«በል እሺ፣ ከመስመሩ ውረድ፤ ውሃ የጠፋበት ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

የሞተች ዕለትም ስልኩ የጮኸው እንደ ልማዱ ረፋድ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቷ ቁጥር ነው። ሶፋ ሰሪው መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ አንስቶ፣ ገና ሃሎ ሳይባል «በልቻለሁ፣ በልቻለሁ!» አለ። ከዚያ የማያውቀው የወንድ ድምፅ «ይቅርታ… ባለቤቷ ነዎት?» አለው። ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አውልቃ፣ በወጉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ውሃ ልጠጣ ብላ ስትነሳ ነው የወደቀችው። የጭንቅላት ደም ሥር ነው ተባለ። ሐኪም ቤትም አልደረሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልገባልህ አለው። አልበላም ብሎ አስቦበት አይደለም፤ የጎረሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ጥጥ እየሆነ ነው። እንግዳ በዛ፣ ሳህን ይመጣል፣ ሳህን ይሄዳል፣ እሱ ፊት የቀረበው እንዳለ ሲነሳ ልብ የሚል የለም። ክኒኑን ግን አይረሳም። ነጩንም ትንሿንም ጠዋት ጠዋት በውሃ ያወርዳቸዋል። እሷ የገዛችው ነው፣ እሷ የተጨነቀችበት ነው፤ ያንን ማጓደል እሷን እንደማጓደል ሆኖ ይታየዋል።

«መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?» አለችው እትዬ።

«አንድም ቀን አላጓደልኩም» አላት። እውነቱን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ግን የጠየቀው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወፍራም ሰውዬ ገባ። ማንም አያውቀውም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መሃል ሳሎን ቆመና ማንን ማጽናናት እንዳለበት ግራ ገብቶት ዙሪያውን ቃኘ።

«እኔ እንኳን… አላውቃትም» አለ በመጨረሻ። «ማለቴ፣ በስልክ ነው። ሰፈራችን ውሃ በጠፋ ቁጥር እየደወልኩ እሳደብ ነበር። ሰሞኑን ስደውል ሌላ ሰው አነሳው። እሷስ ብል፣ ሞተች አሉኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።»

«ማንን ነበር የምትሳደበው፣ እህቴን?» አለች እትዬ።

«ኧረ ሁሉንም ነው እመቤቴ፤ እሷን ግን አይደለም። እሷ እኮ ስድቤን ጨርሼ ሳበቃ ‹አሁን ቀለለዎት?› ትለኝ ነበር።»

ሳሎኑ ውስጥ ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀ። ሶፋ ሰሪው ግን አልሳቀም፣ አላለቀሰም። ጆሮውን አቁሞ ነበር። ከሳሎኑ ጋር በአንድ በር ከሚገናኘው የሥራ ክፍሉ ድምፅ ይሰማል። ዝግ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ። ቀስ ብሎ ተነሳ። እግሩ ስር መሬቱ ለስለስ ብሎታል፣ አዲስ ስፖንጅ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል። ሰው ሁሉ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ መስሎት መንገድ ለቀቀለት።

የሥራ ክፍሉ ውስጥ ጀርባው ያልተሸፈነ፣ ሞላዎቹ የሚታዩ አንድ ሶፋ አለ። እዚያ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ የሚመጣው ግድግዳው ሥር ከተደገፉት የጨርቅ ጥቅሎች ኋላ ነው።

«እንግዶቹ ሻይ ጠጡ?» አለችው።

«ጠጡ።»

«ያ ውሃ የጠፋበት ሰውዬ መጣ አይደል? ወፍራም ነው ብዬህ አልነበረም?»

«በድምፁ እንዴት አወቅሽ?»

«ሲሳደብ ያለከልካል።»

ሁለቱም ሳቁ። ሌላም ሌላም አወሩ፤ ስለ ሰማያዊው ጨርቅ፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ እሱ ነው ደስ ያለው። የሆነ ነገር ስለሌለ የሚያለቅሱበትም ነገር አልነበረም። ሳሎን ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ምን እንደሰበሰበው ሊጠይቃት አሰበና፣ ይደርሳል ብሎ ተወው።

ልጁ በሩን ስትከፍት አባቷ ሸሚዙ በላብ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ እጆቹ እየተንቀጠቀጡ፣ ከጨርቆቹ ጋር ሲያወራ አገኘችው። ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ እንጂ አላያትም።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች።

ልጅቷ በሌላ ከተማ የመዋለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ በድንጋጤ ውስጥ ሆናም እጇ ሥራ አይፈታም። የክኒኑ ካርቶን ላይ የክሊኒኩ ስልክ ተለጥፏል፤ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሐኪሟ ራሷ ናት።

«ዛሬ ምን በላ?»

ልጅቷ ወደ እትዬ ዞረች። «ዛሬ ምን በላ?»

«እኔ አንቺ ያበላሽው መስሎኝ!»

«ትናንትስ?»

እትዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ። «እሱ… ሳህኑ ይመጣል እኮ…»

«ይውጣል?» አለች ሐኪሟ በስልክ። «መዋጥ ከቻለ አሁኑኑ ብዙ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። አሁኑኑ። ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙለት፣ ሲነቃ ምግብ፣ ከዚያ ወዲህ ይዛችሁት ኑ። ካልዋጠ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ አምቡላንስ ጥሩ።»

ልጅቷ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አስጠጋች። «አንድ ጊዜ ዋጥ አድርግ፣ አባዬ። ጎበዝ። አሁንም አንድ ጊዜ። እንደዚህ ነው እንጂ።» ሕፃናቱን የምታበላበት ድምፅ ነው። እሱም ዋጠ፣ ደገመ። ጣፋጩ ውሃ አገጩ ላይ ፈሰሰ።

ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ቆመ። መጀመሪያ ሞላዎቹን አየ፣ ከዚያ የልጁን ፊት። ወደ ጨርቆቹ ዞር አለ።

«የት ሄደች?»

«ማን?»

«እዚህ ነበረች፤ አሁን እያወራን…» ትዝ አለው። መጀመሪያ ማዳመጫው፣ ቀጥሎ ጉድጓዱ፣ ቀጥሎ ልጁ የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ። ሁሉም ተከታትሎ መጣበት። በሞተች ዕለት ለመፈረም፣ ለመደወል፣ ለመሸከም ሲሯሯጥ ያላገኘው ልቅሶ አሁን ከሆዱ ተነስቶ ገነፈለ። ሶፋው ላይ ተደፍቶ እየጮኸ አለቀሰ።

«ይኸው አለቀሰ፣ ተመስገን» አለች እትዬ ለሳሎኑ ሰው፣ በሩን እየዘጋች። «አሁን ወጣለት።»

አልወጣለትም። ለእሱ ሚስቱ አሁን ገና ነው የሞተችው።

ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሟ ጣቱን ወግታ ስኳሩን ለካች፣ ለሰዓታት አስቀምጣ ደጋገመች። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረችው፤ ለእሱ፣ ዓይኑን እያየች። በዚህ ጊዜ ወንበሩን አላየም። ከሚገባው በላይ ሰማ።

«ዶክተር፣ ስኳር ሲወርድ የሞተ ሰው ድምፅ ይሰማል?»

«ጭንቅላታችን ስኳር ሲያጣ ነገር ይምታታበታል። የሌለውን ሊሰማም፣ ሊያይም ይችላል።»

«መጥፎ ነገር ባይሆንስ የሚሰማው?»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይገድላል፣ አባቴ። ሰው ይተኛና ይቀራል። ትንሿን ክኒን እኔ እስክነግርዎት ድረስ እንዳይነኩ። ነጩን ብቻ፣ ያውም ከምግብ ጋር። ገባዎት?»

«ገባኝ።»

ልጁ የትንሿን ክኒን ካርቶን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሶፋ ሰሪው ግን ለቀብሩ ሲወጣ እንዳይረሳ ብሎ ከእሽጉ ቆርሶ ኮቱ ኪስ የከተታት አንዲት ክኒን ነበረች። እያወቀ ዝም አለ።

ያን ቀን አመሻሹን ለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጦ ነገሩን ሲያገላብጥ አመሸ። ሆድ ባዶ ሲሆን ክኒኗ ታመጣታለች፤ ስኳር ደግሞ ይወስዳታል። ሰው ሁሉ እያጽናና፣ «እንግዲህ አንዴ ሄዳለች፣ ምን ይደረጋል» ይለዋል። እሱ ግን የት እንዳለች ያውቃል። አንድ ቁርስ ብቻ ነው የሚለያያቸው። የቱ በሽታ የቱ መድኃኒት እንደሆነ ተምታታበት። ሐኪሟ ይገድላል ያለችውን አልረሳም። ትንሽ ብቻ አወራትና እመለሳለሁ ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ስልክ እንደመደወል ያህል።

ጠዋት ልጁ ዳቦና አይብ አቀረበችለት። «ፊቴ ነው የምትበላው» አለችው።

«እሺ።»

አንድ ጎረሰ። በዚህ መሃል ደጅ ተንኳኳ፤ ለለቅሶው ወንበር ያከራዩት ሰዎች ወንበራቸውን ሊቆጥሩ መጥተው ልጅቷ ወጣች። ሶፋ ሰሪው አፉ ውስጥ ያለውን ተፋና ዳቦውን ሁሉ በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልሎ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሶፋ ሥር ሸጎጠው። ክኒኗን ከኪሱ አውጥቶ ዋጣት። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ፀጉሩን አበጠረ። ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሶ ጨርቆቹ ፊት ተቀመጠ።

ጠበቃት።

ረፋዱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ረሃብ ነው። ቀጥሎ ልቡ ያለ ምክንያት መሮጥ ጀመረ። ቀጥሎ ፍርሃት፤ የምን ፍርሃት እንደሆነ የማይታወቅ። የትናንቱ ልስላሴ የለም። መዶሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አየው፣ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፣ ምን እንደሚባል ግን ጠፋበት። መቀሱም እንደዚያው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ነገሮች ሁሉ አንድ በአንድ ስማቸውን ጥለው ሲሄዱ ይታየዋል።

«ነይ እንጂ» አለ።

ድምፅዋ መጣ። «ሃሎ፣ የውሃ አገልግሎት።»

«እኔ ነኝ» አለ ደስ ብሎት።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ!»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ማን ልበል?» ስድብ እየጠበቀች ያለች በሚመስል ትዕግሥት ነው የምትናገረው። ጌታዬ አለችው። ለባዕድ የምትናገረው ንግግር ነው። ሶፋ ሰሪው ስሙን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ስሙ የለም። ፈለገው። ረዳት አለ። ውሃ አለ። ሰማያዊ አለ። የፈለገውን ያህል ቢቆፍር ያቺ እናቱ ያወጣችለት ቃል የለችም።

«ይጠብቁ» አለችው፣ መስመሩም ጭር አለ። ጠበቀ። ከሶፋው ተንሸራቶ መሬት ላይ ወደቀ።

ልጁ የመውደቁን ድምፅ ሰምታ ደረሰች። ይህን ጊዜ ማንንም አልጠየቀችም፤ ስኳሩን በጥብጣ፣ ራሱን ደረቷ ላይ ደግፋ፣ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣችው። ስትቸኩል ጥርሱን በማንኪያው ትመታው ነበር። ነፍሱ መለስ ሲል፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ከሶፋው ሥር ብቅ ያለውን የጨርቅ ጥቅል አየች። ጎትታ ፈታችው። ዳቦው እንዳለ ነው።

«አውቀህ ነው» አለች።

«አዎ።»

ይጠብቅ የነበረው ጩኸት ነበር። ልጅቷ ግን አልጮኸችም። ከሳሎን የእትዬ ድምፅ ይሰማል፤ ለአንዷ ለቀስተኛ ስለ ቀብሩ ትተርካለች። ልጅቷ ዳቦውን መልሳ ጠቀለለችው፣ ደግሞ ፈታችው።

«ምን አለችህ?»

ቀና ብሎ አያት።

«ከእኔ ጋር የመጨረሻ ያወራነው ስለ ሳሙና ነው» አለች ልጅቷ። «የልብስ ሳሙና የትኛው ይሻላል ብላኝ። እኔም ቸኩዬ ዘጋሁት። ምን አለችህ፣ አባዬ? ስለ እኔ አንስታለች?»

ሊዋሽላት ፈለገ። ቀላል ነበር። ግን አሁንም ጆሮው ውስጥ ያ ጭር ያለ መስመር አለ፤ ውሸት የሚሠራበት ቦታ አላገኘም።

«ትናንት ስለ እንግዶቹ አወራን። አንቺ አልተነሳሽም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አላወቀችኝም። ማን ልበል አለችኝ። ስሜን ልነግራት ስል… አጣሁት፣ ልጄ። ስሜን አጣሁት።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለትንሽ ጊዜ ትሳቅ ታልቅስ አይለይም ነበር።

«እሷ ሥራ ላይ ሆና እኮ ማንንም አታውቅም» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተ እሷ ጋ ስትሄድ እኔ ከማን ጋር ልሁን? ከእትዬ ጋር?»

ሶፋ ሰሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ልብ ብሎ አያት። ከመጣች ጀምሮ ፊቱ ስትመላለስ ነው የከረመችው፤ ትሪ ይዛ፣ ብርጭቆ ይዛ፣ ስልክ ይዛ። ፊቷን ግን አላየውም ነበር። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። እናቷን አትመስልም፤ እሱን ነው የምትመስለው። እስከዛሬ እንዴት አላስተዋለም?

«ኪሴ ውስጥ የቀረ የለም» አላት። «ፈትሺው።»

ፈተሸችው። እሱም ክንዱን ዘርግቶ አስፈተሻት። ከዚያ ተያይዘው እንደገና ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ያደረገውን ለሐኪሟ የነገራት ራሱ ነው። እሷም አልተቆጣችውም፤ ሲነግራት ግን ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ያን ሌሊት ክሊኒኩ አሳደረችው።

ከዚያ በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። ወንበሮቹ ተጭነው ሄዱ፣ ሳሎኑ ድንገት ሰፋ። እትዬ እንኳን «እኔም ቤት አለኝ» ብላ፣ በር ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሳ፣ ሄደች። ሶፋ ሰሪው መብላት ለመደ። ምግቡ አሁንም ጣዕም የለውም፤ ይውጠዋል እንጂ። ሐኪሟ ስኳሩን እያስለካች ስትከታተል ቆይታ፣ ሲረጋጋ ትንሿን ክኒን መልሳ ጀመረችለት፤ ግማሿን ብቻ፣ ቁርስ ሲበላ ብቻ፣ ከልጁ እጅ ብቻ።

የመጀመሪያዋ ግማሽ ክኒን ቀን አባትና ልጅ ጓዳ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል እያየችው ዳቦውን በላ፣ የተቀቀለ እንቁላሉን በላ፣ ግማሿን ክኒን በውሃ አወረደ።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ከፈተ።

«እሺ፣ ጎበዝ።»

የእሱን ሳህን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ የራሷን ሳህን አየው። ምንም አልተነካም።

«አንቺስ?»

«በልቻለሁ።»

«የት?»

ሳህኖቹን እንደያዘች ቆመች፣ ደግሞ ተቀመጠች።

ሶፋ ሰሪው ተነስቶ ከድስቱ ውስጥ አንድ እንቁላል አወጣ። ገና ትኩስ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ መጥቶ ተቀመጠና መላጥ ጀመረ። ለወፍራም ክርና ለትልቅ መርፌ የለመዱት ጣቶቹ ለዚህ ሥራ አይመቹም፤ ቅርፊቱ ተሰባብሮ ነጩን ይዞት ይነሳል። እንደምንም ጨረሰው። የተቦዳደሰ፣ መልኩ የማያምር እንቁላል ነው። ጨው ነሰነሰበትና ፊቷ አስቀመጠው።

ልጅቷ አንስታ ገመጠች። አላመጠች፣ ዋጠች፣ ሁለተኛ ስትገምጥ አፏ ሙሉ እንደሆነ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ማላመጧን አልተወችም።

ሶፋ ሰሪው ከድስቱ ሌላ እንቁላል አንስቶ መላጥ ጀመረ።